አሮጌ ጃኬት፣ አሮጌ ዎከር፣ አሮጌ አንቀልባ

ነፋስ መውጫ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጉና ተራራን ብርድ ለጋይንትና ለእስቴ ሰው አላስተዋውቅም። ለሕፃኑ ወፍራም ጃኬት የፈለገ ወላጅ ሰልባጅ ተራ ቢሄድ ማን ይፈርድበታል? ችግሩ ልባሽ ልብስ በብዛት የሚገባው በኮንትሮባንድ መሆኑ ነው። ከማን ገላ እንደወጣ፣ የት መጋዘን እንዳደረ የሚነግረን የለም።

ታዲያ የሚያስፈራው ምኑ ነው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው! የልብስ ቅማል የሚኖረውም ቅጫሙን የሚጥለውም በልብሱ ስፌት ውስጥ ነው። ግርሻንና ተስቦን የሚያዛምተውም እሱ ነው። እከክም አለ፤ በ2008 ዓ.ም. ድርቁን ተከትሎ በአማራ ክልል በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን እንዳሳከከ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ደስ የሚለው፣ ቅማሉም የእከኩ ተባይም ሙቀት አይችሉም። ከ54 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ ይፈጃቸዋል። በነፋስ መውጫ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ከቆላው ያነሰ ቢሆንም ለዚህ ሥራ ይተርፋል። ክረምት ገብቶ እንጨቱ ሲረጥብስ? ልብሱን ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትቶ፣ አፉን አጥብቆ አስሮ፣ ሁለት ሳምንት ማቆየት። የሚነክሱት ገላ ያጣሉ፤ ያልቃሉ።

ውሃ የማያነጻው ግን ሌላ ነው። የጃኬቱ ቆብ ላይ ያለው ማሰሪያ ገመድ አንድ ነገር ከያዘው የልጁን አንገት ያንቃል፤ መዝዛችሁ ጣሉት። የላላ ቁልፍ ካለ ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ አጥብቃችሁ ስፉት። ናይለንና ፖሊስተር እሳት ሲነካቸው ቀልጠው ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ። ምድጃው መሬት ላይ በሆነበት ቤት፣ «ያድግበታል» ተብሎ የተገዛ ሰፊ ጃኬት የለበሰ ልጅ ወደ እሳት መጠጋት የለበትም።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው፣ ወይም አዲስ አበባ ላይ «የአሜሪካ ነው» ተብሎ የሚሸጠው ያገለገለ የሕፃን ዕቃ ይብሳል። ካናዳ ዎከርን፣ ባለ ጎማውን የሕፃን መራመጃ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ከልክላለች፤ አሮጌውን መሸጥ እንኳ በሕግ ያስጠይቃል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ገና መራመድ ያልቻለ ልጅ ጎማ ሲያገኝ እናቱ ዘወር ሳትል ደረጃ ወይም እሳት ጋ ይደርሳል። አንድ ጎኑ ወደ ታች የሚወርድ የሕፃን አልጋም አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ታግዷል፤ ማያያዣው ሲላላ ልጁ በክፍተቱ ይቀረቀራል። ፊሸር ፕራይስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ዓይነት ዘንበል ያለ የሕፃን መተኛ ከገበያ ሰብስቧል፤ ቁጥሩ 4.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። እሱ ላይ ተኝተው ከ30 በላይ ሕፃናት ሞተዋል። እንዲህ ያለው ዕቃ ታጥቦና ተወልውሎ ሲቀርብ አዲስ ይመስላል፤ ጥፋቱ ግን ከአሠራሩ ነው። ያገለገለ ጡጦ ደግሞ ገና ከመነሻው አይገዛ፤ የተጫረ ፕላስቲክ ጀርም ይደብቃል። ኩባያ ይሻላል።

አንቀልባስ? እኔ የምከራከርለት እዚህ ላይ ነው። ሲማዳ ውስጥ አንድ አንቀልባ ታላቅና ታናሽ ቢታዘልበት ማንም አይገረምም። ቆዳው የሚበጠስበት ቦታ በዓይን ይታያል፤ ማንገቻው የተሰፋበትን ጎተት፣ እጥፉን ገልበጥ አድርጎ ስንጥቅ መፈለግ ነው። የደረቀውን በቅቤ ማሸት፤ ማንገቻው የሳሳ ከሆነ ማስቀየር። የፈላ ውሃ ቆዳውን ያኮማትረዋል፤ ስለዚህ ለእሱ የሚሆነው የከረጢቱ ዘዴ ነው። ሲታዘል የልጁ እግሮች በእናቱ ወገብ ግራና ቀኝ መከፈታቸው ለዳሌው መገጣጠሚያ ይበጃል፤ እግሩ ተጠፍሮ የሚታሰር ሕፃን ዳሌው ሊወልቅ ይችላል። አፍንጫው እንዳይሸፈን ብቻ ተጠንቀቁ።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ አያት ያቆየችው አንቀልባ ቤት ውስጥ ካለ ማንገቻውን አስጠግኑና አውርሱት፤ ዎከር የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ ደግሞ ብሩን ይላክላችሁ።