«ኦሬ ሞኖጋታሪ»፦ ባለቤት የሌለው የፍቅር ቃል



ዛሬ የምናነሣው ፊልም ብዙ ምሁራን ዞር ብለው የማያዩት ዓይነት ነው። ለወጣት ልጃገረዶች ከተዘጋጀ ማንጋ፣ ማለትም ከጃፓን የሥዕል ልቦለድ፣ የተወሰደ ሮማንቲክ ኮሜዲ ነው። ርእሱ «ኦሬ ሞኖጋታሪ» ሲሆን ፍቺው «የእኔ ታሪክ» እንደ ማለት ነው። ይህ «ኦሬ» ግን ተራ «እኔ» አይደለም፤ ወንዶች በቅርብ ሰዎቻቸው መካከል ደረታቸውን ነፋ አድርገው የሚሉት «እኔ» ነው። የልጃገረዶች ንባብ በሆነ መጽሔት ላይ እንዲህ ያለ ርእስ መውጣቱ ራሱ ፈገግ ያሰኛል።

ማንጋውን ካዙኔ ካዋሃራ ጽፋው አሩኮ ሥላዋለች። ከ2011 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. «ቤሳትሱ ማርጋሬት» በተባለው መጽሔት ወጥቶ በ13 ቅጽ ተጠናቋል፤ በ2013 ደግሞ በልጃገረዶች ማንጋ ዘርፍ የኮዳንሻን ሽልማት አግኝቷል። በሃያቶ ካዋይ የተዘጋጀው ፊልም ለተመልካች የቀረበው በጥቅምት 2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። የፊልሙን ጽሑፍ ያሰናዳችው አኪኮ ኖጊ ናት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ታኬዎ ጎዳ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ ክብደቱ 120 ኪሎ ይገመታል፣ ፊቱም ያስፈራል። ወንዶቹ ጓደኞቹ ያከብሩታል፤ የወደዳቸው ልጃገረዶች ሁሉ ግን የወደዱት እሱን ሳይሆን የልብ ወዳጁን፣ መልከ መልካሙን ማኮቶ ሱናካዋን ነው። አንድ ቀን በባቡር ውስጥ ሪንኮ ያማቶ የተባለችን ልጅ እጁን ከሚሰድባት ነውረኛ ያስጥላታል። (ጃፓኖች ለዚህ ነውር «ቺካን» የሚል የታወቀ ቃል አላቸው፤ ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ በቶኪዮ ባቡሮች ለሴቶች ብቻ የተለዩ ፉርጎዎች የገቡት በዚሁ ምክንያት ነው።) ያማቶ ታኬዎን ትወደዋለች። ኬክ እየጋገረች ትመጣለች። እሱ ግን የምትመጣው ለሱናካዋ ብላ እንደ ሆነ አይጠራጠርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ታኬዎ ሞኝ አይደለም። የሚሳሳተው ማስረጃ አጥቶ ሳይሆን ከልምዱ ተምሮ ነው። ባሳለፈው ዕድሜ ሁሉ አንድም ጊዜ ተወዳጁ እሱ ሆኖ ስለማያውቅ፣ ኬኩ በእጁ ላይ ተቀምጦ እንኳ የእሱ መሆኑን ማመን ይሳነዋል። የኮሜዲው ሳቅ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ሐዘኑም እንዲሁ።

በማንጋው ውስጥ ይህ አለመግባባት የሚፈታው በመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። የደራሲዋ ድፍረት እዚህ ላይ ይታያል፤ ሌሎች የፍቅር ታሪኮች ከሚቋጩበት ተነሥታ፣ የተዋደዱ ሁለት ልጆች አብረው መሆንን እንዴት እንደሚማሩ በቀሩት ቅጾች ታሳያለች። ፊልሙ በአንጻሩ አለመግባባቱን እስከ መጨረሻው አካባቢ ይዘረጋዋል። በየወሩ የሚወጣ ተከታታይ ሥራ ቀስ እያለ መኖር ይችላል፤ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ ፊልም ግን ልብ ሰቀላ ይሻል።

ዋጋው ቀላል አይደለም። እኔ ራሴ መጀመሪያ ስመለከተው ግማሹ ላይ ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። «ይህ ልጅ እስከ መቼ ነው የማይገባው!» አልሁ። ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ግን ሐሳቤን ለወጥሁ። ተመልካቹ የያማቶን ልብ ከመነሻው ስለሚያውቅ የሚጠብቀው የእሷን መልስ አይደለም፤ የምንጠብቀው ታኬዎ ራሱን ለመወደድ የተገባ አድርጎ የሚያይበትን ቅጽበት ነው። ልብ ሰቀላው ከሴቲቱ ወደ ወንዱ ውስጥ ተዛውሯል። ለዚህም ተዋናዩ ርዮሄይ ሱዙኪ ብዙ ደክሟል፤ ለሚናው ሲል 30 ኪሎ ያህል ጨምሯል። የ32 ዓመት ሰው የተማሪ ልብስ ለብሶ ሲታይ ያስቃል፤ ነገር ግን ያ ግዙፍ ሰውነት በኬክ ፊት ሲሽኮረመም ያለ ቃል ብዙ ይናገራል። ሱናካዋን የሚጫወተው ኬንታሮ ሳካጉቺ በዚያው ዓመት «ሂሮይን ሺካኩ» በተባለ ሌላ የማንጋ ፊልም ላይም እንደ መልከ መልካም ተፈቃሪ ታይቷል። የዚህ ዓይነት ፊልሞች ዋና ሰው ብዙውን ጊዜ እሱን የሚመስል ነው። እዚህ ግን ደጋፊ ገጸ ባሕርይ ሆኗል።

ወደ ቋንቋው ልለፍ፤ የዛሬው ዋና ጉዳዬም እሱ ነው። ታኬዎ ያማቶን ባየ ቁጥር በልቡ «ሱኪ ዳ» ይላል። በማንጋው ገጽ ላይ የኅሊና ንግግር ከአፍ ከሚወጣው ምልልስ የሚለየው በአጻጻፉና በአቀማመጡ ነው፤ የልጃገረዶች ማንጋ ይህን ጥበብ በተለይ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ እጅግ አዳብሮታል። በፊልሙ ግን የቀረው ድምፅ ብቻ ነው። «ሱኪ ዳ» ደግሞ ባለቤትም ተሳቢም የለውም። ማን ወደደ? ማንን? ዐረፍተ ነገሩ አይናገርም፤ አድማጩ ከሁኔታው ይሞላዋል። ጃፓንኛ አለመግባባትን እንዲህ በቀላሉ ያስተናግዳል።

አማርኛችን ይህን አይፈቅድም። «እወድሻለሁ» ስንል ወዳጁ፣ ተወዳጁ፣ የተወዳጁም ጾታ በአንድ ቃል ውስጥ ተቀምጠዋል። የግርጌ ትርጉም ለሚሠራ ሰው ይህ ፈተና ነው። ከተማሪዎቼ አንዷ «ፍቅር ያዘኝ» ብንለውስ ብላ ጠይቃኝ ነበር። መልካም ሐሳብ ነው፤ ተወዳጁ ሳይጠራ ይቀራል። ነገር ግን «ያዘኝ» አንድ ጊዜ የሆነን ድርጊት ይነግረናል፣ «ሱኪ ዳ» ግን ያለንበትን ሁኔታ። ታኬዎ ደጋግሞ «ያዘኝ፣ ያዘኝ» ቢል ጉንፋን የያዘው ይመስላል።

እኔ ለጊዜው የደረስሁበት መፍትሔ ይህ ነው። በልቡ ሲናገር «እወዳታለሁ»፣ በስተመጨረሻ ፊቷን እያየ ሲናገር «እወድሻለሁ»። ጃፓንኛው በሁለቱም ቦታ ያው «ሱኪ ዳ» ነው፤ አማርኛው ግን «እሷ» የነበረችው «አንቺ» የሆነችበትን ሰዓት ለይቶ ያሳያል። ከዚህ የተሻለ ያላችሁ አሁኑኑ እጃችሁን አውጡ፤ ገና ሰዓት አለን።