ከክፉ አለቃ የሚወረሰው

በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ላይ ለሚውል ባለሙያ፣ በሠራተኛ ፋይል ውስጥ ከሚያገኛቸው ወረቀቶች ሁሉ አጭሩም ብዙ የሚደብቀውም የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ነው። ቀን፣ «በግል ጉዳይ ምክንያት» የምትል ሐረግ፣ ለነበረው ቆይታ አጭር ምስጋና፣ ፊርማ። ከዚያ ክሊራንሱ ከንብረት ክፍል ወደ ሂሳብ፣ ከሂሳብ ወደ መዝገብ ቤት ይዞራል፤ ሰውየው የተረከበውን ወንበርና የመሳቢያ ቁልፍ መመለሱ ይረጋገጣል። ለምን እንደሄደ የሚጠይቀው የለም። ያንኑ ፋይል ወደ ኋላ የገለጠ ግን ምክንያቱን ተበታትኖ ያገኘዋል፦ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ተብሎ የተጻፈ ዝውውር፣ ያለ ምንም ማብራሪያ ያሽቆለቆለ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ፣ ምሪት ሳይጻፍበት የቀረ የዓመት ፈቃድ ጥያቄ። ግል ጉዳይ የተባለው አለቃው ነው።

እንዲህ ካለ አለቃ ሥር ያለፈ ሰው የሚጽናናባት አንዲት ቃል አለችው፦ «ቢያንስ ተምሬበታለሁ፤ እኔ ስሾም እንደ እሱ አልሆንም»። ቃሉ ከልብ የሚነገር ነው፤ ተናጋሪውን መጠራጠር አይገባም። ሆኖም በየመሥሪያ ቤቱ ትናንት በአለቃቸው ያለቀሱ ሰዎች ዛሬ በዚያው ወንበር ተቀምጠው ሌላውን ሲያስለቅሱ እያየን፣ ትምህርቱ የት ገባ ብሎ መጠየቅ ግድ ይላል። የእኔ እምነት ይህ ነው፦ ክፉ አለቃ በራሱ መሪነትን አያስተምርም፤ የሚያስተምረው ሕመምን ነው። ሕመም ደግሞ የመታንን ሰው ፊት ያሳየናል እንጂ የተመታንበትን ዱላ አያሳየንም። ሰውየው ሲነሣ ዱላው ወንበሩ ሥር ይቀራል፤ ቀጥሎ የሚቀመጠውም ያነሣዋል። እውነተኛው ትምህርት የሚገኘው ፊቱን ትቶ ዱላውን ለመረመረ ሰው ነው።

ለዚህ ጎንደር የቅርብ ምስክር አላት። የቋራው ካሣ ኃይሉ በ1830ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በእቴጌ መነን ሥር ያደረ አገልጋይ ነበር። እቴጌዪቱ የራስ ዓሊ እናት ናቸው፤ ጎንደርና ዙሪያዋ በእጃቸው ነበር። የልጅ ልጃቸውን ተዋበችን ድረውለታል። ጋብቻም ነበረ፣ ሥራም ነበረ፤ ክብር ግን አልነበረም። እንደሚተረከው በዚያ ግቢ ካሣ የሚታየው እናቱ ኮሶ ሸጣ ያሳደገችው ድሃ ሆኖ ነው። ሸፈተ። ሊይዘው የተላከው ደጃዝማች ወንድይራድ ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ አስሬ አመጣዋለሁ ብሎ ፎከረ፤ ዘመተ፤ ተማረከ። ካሣም፣ እናቴ ዛሬ ገበያ ወጥታ ኮሶዋ ሳይሸጥላት ቀርቷልና አንተ ጨርስላት ብሎ ኮሶ አጠጣው ይባላል። ብዙም ሳይቆይ በ1839 ዓ.ም. እቴጌዪቱም ራሳቸው በእጁ ወደቁ።

ይህን ታሪክ ሰው ሲተርከው ደስ እያለው ነው፤ የተናቀ ቀና ሲል ማየት ማንንም ያስደስታል። ኮሶ ግን መድኃኒት ነው። የዛፉ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ምሬቱ አንጀት ያገላብጣል፤ ልኩ ካለፈ ደግሞ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ኮሶ የሚያጠጣ ሰው መጀመሪያ የሚያውቀው ልኩን ነው። በካሣና በወንድይራድ መካከል ልክ የሚለካ ማንም አልነበረም፤ የተናቀው ራሱ ከሳሽም ዳኛም ቀጪም ሆነ። ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ እንጂ ከማዕዱ አልተነሣም። የእቴጌ መነን ግቢ ትልቁ ጥፋት አንድን ጎበዝ መናቁ ብቻ አልነበረም፤ የአንድን ሰው ክብር በአንድ ሰው ስሜት ላይ ማንጠልጠሉ ነበር። ድል የነሣው ካሣ የመጀመሪያውን አስተካከለ፤ ሁለተኛውን እንዳለ ወረሰው።

ለፍርድ አንቸኩል፤ ከንቀቱ የተማረው ነገር ነበር፤ ትንሽም አልነበረም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ በአቡነ ሰላማ እጅ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ፣ ወታደሩ በገበሬው ቤት ተሰሪ ሆኖ እንዳይበላ ደመወዝ ሊቆርጡለት ሞክረዋል። መንገድ ሲሠራ ድንጋይ በገዛ እጃቸው አንሥተዋል። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴቫስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለወራት ሲጎተት ከሠራተኛው መካከል ቆመው ውለዋል። እጁን ያላቆሸሸ አለቃ በበዛበት አገር ይህ ታላቅ ነገር ነው። ዱላው ግን ሳይመረመር ቀረ። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ላይ መልስ አጣ። እንደ ንቀት ቆጠሩት፤ ንቀትም ነበር። ቅጣቱ ግን ደብዳቤውን ችላ ባሉት ሹማምንት ላይ አልደረሰም፤ በቅርብ በተገኘው በእንግሊዙ ቆንስል በካሜሮን ላይ ወረደ፤ በ1856 ዓ.ም. ታሰረ። በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ጎንደር ራሷ ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ከበላይ የመጣውን ንቀት ከሥር ባለው ላይ ማውረድ በየቢሮው የምናየው ነገር ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ተዘልፎ የተመለሰ ዕለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለጸሐፊዋ ይደርሳታል። የንጉሡ ሠራዊትም መልስ ሰጠ፤ በየሌሊቱ እየከዳ ተመናመነ። የሚከዳ ወታደር «በግል ጉዳይ ምክንያት» ብሎ አይጽፍም፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመጨረሻዋ ዕለት፣ መቅደላ ላይ ከንጉሡ ጋር የቀሩት ጥቂት ነበሩ።

አንድ የታሪክ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆመኝ እውነት አለው። የቴዎድሮስ ዘመን መውደቅ ከወጣትነት ስድብ ብቻ አይመነጭም፤ የመሳፍንቱ አመፅ፣ ከካህናቱ ጋር የተነሣው የመሬት ጠብ፣ የውጭ ኃይል፣ የድካም ብዛት ሁሉ አለበት። ይህን አልክድም። የንጉሡን ሕይወት በአንድ ጽዋ ኮሶ ልተረጉም አልተነሣሁም። የማነሣው ጠባብ ነጥብ ነው፦ ከማንም በላይ የተናቀ፣ ከማንም በላይ ብሩህ የነበረ ሰው እንኳ በሕመሙ ብርታት ብቻ ከአለቆቹ የአገዛዝ መንገድ ሊወጣ ካልቻለ፣ እኛ የቡድን መሪና የክፍል ኃላፊ የምንሆነው ሰዎች «ስለተበደልኩ አልበድልም» በሚል ስንቅ ብቻ ሩቅ አንሄድም።

ሌላውን መንገድ ለማየት ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው ጎዳና ላይ ጥቂት ወጣ ብሎ ወለቃ መቆም ይበቃል። ወለቃ የባለ እጆች መንደር ናት። የቤተ እስራኤል አንጥረኞችና ሸክላ ሠሪዎች ለአካባቢው ገበሬ ማረሻውን፣ ለቤቱ ምጣዱንና ጀበናውን ሲያቀርቡ ኖረዋል፤ ወገኖቻቸው በጎንደር ነገሥታት ግንባታ ላይ በግንበኝነትና በአናጢነት ሠርተዋል። ርስት ግን ተነፍገው፣ ከማረሻቸው የሚበላው ሰው ቡዳ እያለ ሲሰድባቸው ኖሩ። አገር በሙሉ ክፉ አለቃ ሆኖባቸው ነበር ማለት ይቻላል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አወጡ። አዋጁ ንቀቱን ከሰው ልብ አላወጣውም፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ቀጥሏል። ነገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ስድቡ የተሰዳቢው የግል ቁስል መሆኑ ቀርቶ የሕግ ጥፋት ሆነ፤ ልኩም ተለካ፤ ቀጪውም ከተበዳዩ ሌላ ሆነ። ኮሶ ማጠጣትና አዋጅ ማውጣት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። የወለቃ ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ በ1983 ዓ.ም. ዘመቻ ሰሎሞን እስከተካሄደበት ጊዜ ድረስ ባሉት ዓመታት ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ መንደሯ ውስጥ ምኩራባቸው ቀርቷል፤ የእጅ ሙያቸውን ግን አብዛኛውን ይዘውት ሄደዋል።

«ኃይለኛ አለቃ ባይኖር ሥራ አይሠራም» የሚሉ አሉ፤ ይህ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ለስላሳ ነኝ እያለ የሥራ ሰዓት የሚያስበላ፣ ባለጉዳይ ደጅ ሲጠና እያየ ማንንም የማይጠይቅ ኃላፊም ሠራተኛውን ይበድላል፤ በተለይ የሌላውን ሸክም የሚሸከመውን ትጉሁን። ነገር ግን ጥብቅነትና ክፋት ዘመድ አይደሉም። አንጥረኛ ቤት ብንገባ፣ ወናፍ የሚነፋው ልጅ እሳቱ ሲበርድ ይጮኽበታል፤ ብረቱ ሳይቀላ ከተመታ እንደሚሰነጠቅ ግን ልጁም ያየዋል። የጌታው ቁጣ ምክንያት ጉጠቱ ላይ ተይዞ ይታያል። ጥብቅ አለቃ ማለት ይህ ነው፦ ነገ በምን እንደሚቆጣ ዛሬ ይታወቃል። ክፉ አለቃ ግን ዛሬ የፈቀደውን ነገ ይቆጣበታል፤ ሠራተኛውም ሥራውን ትቶ ፊቱን ማንበብ ይይዛል። ጠዋት መኪናው ሲገባ «ዛሬ እንዴት ነው?» እየተባባለ የሚጀምር መሥሪያ ቤት ግማሽ ጉልበቱን እዚያው በር ላይ አፍስሷል።

እንግዲህ ዱላው ምንድን ነው? በእኔ ሙያ በኩል ሲታይ ከሁሉ የከፋው የቃል ትዕዛዝ ነው። «ጨርሰው፤ እኔ አለሁ» ይባላል። ግዥው ያለ ጨረታ ይፈጸማል፣ ሠራተኛው ያለ ደብዳቤ ከቦታው ይነሣል። ኦዲት ሲመጣ ግን ሰነዱ ላይ ያለው ፊርማ የበታቹ ብቻ ነው፤ ያዘዘው ሰው በወረቀት ላይ የለም። ሠራተኛው «ታዝዤ ነው» ሲል ማስረጃ አምጣ ይባላል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባል የነበረው በዘመናዊ ቢሮ ውስጥ በዚህ መንገድ ይኖራል፤ መከሰስ የሚቻለው ለፈረመ ብቻ ነውና። ከዚህ አለቃ ሥር የወጣ ሰው ስለ ሰውየው ጠባይ ለዓመታት ያወራል፤ ቁጣውን፣ ሽሙጡን፣ በር አዘጋጉን ሳይቀር። የቃል ትዕዛዙን ግን እንደ በደል አይቆጥረውም፤ ሥራ እንዲያ ነው ብሎ ለምዶታል። ሲሾምም በለሰለሰ ድምፅ ያንኑ ይደግማል።

«ደግ ሰው በቃል ቢያዝ ምን ይጎዳል?» ይባል ይሆናል። የተበደለ ሰው ደግ አለቃ ሆኖ መገኘቱ እርግጥ ነው፤ ብዙዎችም አሉ፤ በእነሱ ሥር መሥራት በረከት ነው። ሆኖም የደጉ አለቃ ደግነት አብሮት ይዛወራል። ፈቃድ የሚሰጠው በአዘኔታው ከሆነ፣ ዕድገት የሚገኘው በሰው ዕውቂያው ከሆነ፣ እሱ በሄደ ማግስት የሚመጣው ሰው ያንኑ በር በተቃራኒው ይዘጋዋል፤ የሚከለክለውም ደንብ የለም። ደጉ ለሠራተኛው ሊተውለት የሚገባው ውርስ ያለ እሱ ቸርነት መብቱን የሚያገኝበትን ሥርዓት ነው፦ የፈቃድ መርሐ ግብር በዓመቱ መጀመሪያ ተሞልቶ የሚለጠፍበት፣ የአፈጻጸም ነጥብ ከነምክንያቱ የሚጻፍበት፣ ቅሬታ የቀረበበት ሰው ራሱ በቅሬታው ላይ የማይፈርድበት።

ሕጉ መንገዱን በከፊል ከፍቶታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 32፣ አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብርና ሞራል የሚነካ ድርጊት ከፈጸመበት ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ምክንያቱንም በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። መብቱ ግን የጊዜ ገደብ አለው፤ ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ 15 የሥራ ቀናት ካለፉ ይቀራል። የመንግሥት ሠራተኛው የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው። እንጀራ አማራጭ በሌለበት ቦታ «ለቅቀህ ሂድ» ማለት ምክር እንደማይሆን አውቃለሁ፤ የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ያለበት ሰው ብዙ ይችላል። ይሁን እንጂ «በግል ጉዳይ ምክንያት» ብሎ የሚወጣ እያንዳንዱ ሰው ዱላውን ለተተኪው ሸፍኖ ያስረክባል። ቀኑን፣ የተባለውን ቃል፣ የታዘዘውን ትዕዛዝ በማስታወሻ መያዝ ድፍረት አይጠይቅም፤ አንድ ደብተር ይበቃል።

በተለይ እናንተ ከክፉ አለቃ ሥር ቆይታችሁ ሰሞኑን የሹመት ደብዳቤ የደረሳችሁ፦ ስለ እሱ መማራችሁን አትንገሩን፤ የመጀመሪያዋን ትዕዛዛችሁን በጽሑፍ ስጡና ፈርሙባት።