በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም
የዝሆኔ ጥናት ለባለቤቱ፣ ለሕዝቡ፣ እንዴት ይነገር?

ስለ አገራችን ጤና ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የምናነሳው የሆስፒታል ማነስን፣ የሐኪሞችን ስደትና የመድኃኒት እጥረትን ነው። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም ያንገበግባል። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን ብዙም የማንከራከርበትን ጉዳይ ነው። ተመራማሪዎች ወደ አንድ ወረዳ ይወርዳሉ፤ ቤት ለቤት ይጠይቃሉ፤ ደም ይቀዳሉ፤ እግር ይለካሉ። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ውጤቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በለንደን ወይም በቦስተን መጽሔት ላይ ይወጣል። ደሙን የሰጠው ገበሬስ? እሱ ምን ተባለ? ማንስ ነገረው?

ይህን ጥያቄ በአንድ በሽታ፣ በዝሆኔ፣ ምሳሌነት ላስረዳ እሞክራለሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። በስደት በምኖርበት ከተማ በሐኪሞችና በወገኖቼ መካከል በአስተርጓሚነት እሠራለሁ፤ ትውልዴ ደግሞ ዝሆኔ ከሚበዛበት ከጎጃም ደጋ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዝሆኔ ምንድን ነው?

ሕዝባችን “ዝሆኔ” እያለ የሚጠራው ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን ነው። አንደኛው እንደ ጋምቤላ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች የሚገኘው፣ በወባ ትንኝና በመሰሎቿ ንክሻ የሚተላለፈው ነው። ሁለተኛው የደጋና የወይና ደጋ ሰው የሚያውቀው፣ ከትንኝም ከጀርምም ጋር ግንኙነት የሌለው፣ ተመራማሪዎች “ፖዶኮኒዮሲስ” የሚሉት ነው። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን እግርንና አቧራን ያጣመረ ነው። ስሙን ያወጣለት እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነበር። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት፣ በሽታው የሚገኘው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ባለበት፣ ዝናብ በሚበዛበት ከፍተኛ ቦታ መሆኑን አሳየ። በዚያ አፈር ላይ ዘመኑን በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው፣ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በእግሩ ቆዳ አልፎ ሰውነቱ ውስጥ ይገባል፤ የሰውነት ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቀጫጭን ቱቦዎች ያቆስላል፤ እግሩም ቀስ በቀስ ያብጣል።

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ችግር አይደለም። በ2013 ከተካሄደው አገር አቀፍ ዳሰሳ ተነስተው ተመራማሪዎች ባደረጉት ስሌት፣ በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ። በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት እንዳሳየው፣ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በነበረባት በወላይታ ዞን ብቻ በሽታው በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ያደርስ ነበር። አንድ ሕመምተኛ በዓመት ውስጥ ካሉት የሥራ ቀኖች 45 በመቶውን ያጣል። ከድሃ ገበሬ ላይ ግማሽ ዓመት ሲወሰድ ምን እንደሚተርፈው አንባቢ ራሱ ያስላው።

የሚያስቆጨው ደግሞ መከላከያው ጫማ መሆኑ ነው! ሕክምናውም ቢሆን እግርን በሳሙናና በረኪና ጠብ ባለበት ውኃ በየቀኑ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ሲያስፈልግ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ከዚያም ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 የሚጠጉ ሕመምተኞች የተሳተፉበትና በ2018 የታተመ ጥናት፣ ይህ ቀላል እንክብካቤ እግሩ እየተቃጠለ፣ ትኩሳት ይዞት የሚተኛበትን ጊዜ እንደሚቀንስለት አረጋግጧል።

እውቀቱ ካለ ችግሩ የት ላይ ነው?

ችግሩ እውቀቱ ያለበት ቦታና ሕመምተኛው ያለበት ቦታ መራራቁ ነው። እኛ ልጆች ሳለን ዝሆኔ የያዘው ሰው እባብ የረገጠ ወይም መተት የተደረገበት ነው ይባል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ከዳር ይቆማል፤ ሠርግ ላይ አይጠራም፤ ልጁን ለትዳር የሚጠይቅ የለም። ይህ የእኛ አካባቢ ብቻ አይደለም። በ2008 በደቡብ ኢትዮጵያ የታተመ ጥናት፣ ከተጠየቁት ነዋሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕመምተኞችን የሚያገልል አመለካከት እንዳላቸው አሳይቷል።

“ያልተማረ ገበሬ ነው” ብለን እንዳናልፍ ደግሞ በ2010 የጤና ባለሙያዎች ራሳቸው ተጠኑ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው ተላላፊ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ሕመምተኛውን ሲያክሙ እንዳይዛቸው ይፈሩ ነበር። ፕራይስ የአፈሩን ነገር ካወቀ ከ30 ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው! ጥናቱ መጽሔት ላይ ነበር፤ ከመጽሔቱ ወደ ጤና ጣቢያው ግን መንገድ አልነበረም።

“በዘር ይተላለፋል” የምትለዋ አደገኛ ቃል

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ያንን ቀይ አፈር በባዶ እግሩ የረገጠ ሁሉ አይታመምም። ከአንድ ቤት ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ሲያብጥ ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ፈልገው፣ ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ሕመምተኞችንና 203 ጤነኞችን አነጻጽረው፣ የሰውነትን መከላከያ ከሚቆጣጠሩት የጂን ክፍሎች አንዱ ለበሽታው ተጋላጭ እንደሚያደርግ አገኙ። ውጤቱ በ2012 በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። የመጀመሪያው ጸሐፊ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለ ነው፤ ልንኮራ ይገባናል።

ይህን ግን ለመንደሩ ሰው እንዴት ትነግረዋለህ? አስተርጓሚ ነኝና ችግሩ ወዲያው ይታየኛል። በአማርኛ “ዘር” የምንለው ቃል የእህሉንም፣ የቤተሰቡንም፣ የጎሳውንም ነገር ጠቅልሎ ይይዛል። ተመራማሪው “በዘር ይተላለፋል” ብሎ ከተናገረ፣ ጎረቤት የሚሰማው “እኛም ብለን ነበር፤ ቤቱ የተበከለ ነው” የሚለውን ነው። አንድ ሳይንሳዊ ውጤት የመንደሩን ፍርድ አጽድቆ፣ ገና ያልታመመችውን ልጅ ትዳር ያሳጣታል። በቅን ልቦና የተነገረ እውነት እንኳን ሰው ሊጎዳ ይችላል።

የሚያስደስተው ተመራማሪዎቹ ይህን አስቀድመው ማሰባቸው ነው። በ2009 የታተሙ ጽሑፎቻቸው እንደሚያሳዩት፣ ጥናቱን ከመጀመራቸው በፊት ወላይታ ወርደው ሕዝቡን ጠየቁ። ምን ያስፈራችኋል? ማን ቢነግራችሁ ታምናላችሁ? ብለው አነጋገሩ። ያገኙት መልስ ግልጽ ነበር፤ የዘር ጉዳይ መነሳቱ መገለሉን እንዳያብስ ሕዝቡ ይሰጋ ነበር። ስለዚህ ፈቃድ የሚጠየቅበት መንገድ ከአካባቢው ጋር እንዲስማማ ሆኖ ተቀየረ። ሕዝቡ ቀድሞ የሚያውቃቸውና የሚያምናቸው የአካባቢው ሠራተኞች በመካከል ገቡ።

እኔ ብጠየቅ ነገሩን በጭድና በእሳት አስረዳው ነበር። ከወላጆች የሚወረሰው ጭዱ ነው። እሳቱ አፈሩ ነው። ጭድ ብቻውን አይነድም፤ ጫማና ሳሙና ደግሞ እሳቱ ወደ ጭዱ እንዳይደርስ የሚያግዱ ግድግዳ ናቸው። እንዲህ ሲባል ጎረቤት የሚይዘው መልእክት “ያ ቤት ርጉም ነው” የሚል ሳይሆን “የዚያን ቤት ልጆች ቀድመን ጫማ እናልብሳቸው” የሚል ይሆናል። እውነቱ ያው አንድ ነው፤ አነጋገሩ ግን አንዱን ያገላል፣ ሌላውን ያድናል።

ጥሩ ሽርክና ምን ይመስላል?

በወላይታ ሶዶ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ሕመምተኞችን ለመርዳት የተቋቋመው ማኅበር ትልቅ ትምህርት ጥሎልናል። ታክመው የዳኑ ሰዎች ራሳቸው ሠልጥነው ሌሎችን ያክማሉ። ከሕመምተኞቹ መካከል ጫማ መስፋት የተማሩ አሉ፤ ያበጠ እግር ከሱቅ በሚገዛ ጫማ ውስጥ አይገባምና በልኩ ይሰፉለታል። ከአዲስ አበባ ከመጣ ፕሮፌሰር አንድ ሰዓት ንግግር ይልቅ፣ “የእኔም እግር እንደዚህ ነበር፤ ዛሬ እዩት” ብሎ ሱሪውን ሰብሰብ የሚያደርግ ጎረቤት ይታመናል።

ከዚህ ተነስቼ ሦስት ነገሮችን አስቀምጣለሁ።

1ኛ/ ውይይቱ ከጥናቱ በፊት ይጀመር። ሕዝቡ የሚፈራውን ሳያውቁ መጠይቅ ይዞ መሄድ በር ያዘጋል።

2ኛ/ ውጤቱ ወደተወሰደበት ቦታ ይመለስ። በ1969 የታተመው ሰፊ የዝሆኔ ጥናት የተካሄደው በ56 ገበያዎች ላይ ሰው በመቁጠር ነበር። ከገበያ የተወሰደ ቁጥር ወደ ገበያ፣ ወደ እድሩ፣ ወደ ማኅበሩ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ በአካባቢው ቋንቋ ሊመለስ ይገባዋል፤ በወላይታ በወላይትኛ፣ በጎጃም በአማርኛ።

3ኛ/ ጥቅሙም ይጋራ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት፣ ልብስ አጣቢ ሴቶች ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው። ግኝቱ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። በኋላ በ1990ዎቹ በአሜሪካ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የውኃ ቱቦ በሚደፍኑ ዛጎል ለበሶች ላይ ስለመጠቀም የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዘገበ። እንዶድን ለዘመናት በሳሙናነት ያወቁት ሴቶች ግን በወረቀቱ ላይ የሉም።

የመንግሥት ዝምታ

ይህ ሁሉ ያለ ነጻነት አይሆንም። የበሽታን ስም መጥራት የፖለቲካ ጉዳይ በሆነበት አገር ስለ ጥናት በአደባባይ መናገር ከባድ ነው። በ2006 ከጋምቤላ የተነሳውን፣ በ2016 አዲስ አበባ የታየውንና በ2017 በሶማሌ ክልል ብዙ ሕዝብ የጎዳውን ወረርሽኝ ባለ ሥልጣኖቻችን “አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት” ብለው፣ “አተት” በሚል ምኅጻር ሸፍነውት ነበር። ኮሌራ የሚለው ቃል በይፋ በግልጽ የተነገረው በ2019 ነው። በ2009 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ደግሞ፣ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በሰብዓዊና በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠሩ ከልክሎ ነበር። የተገለለን ሕመምተኛ እግሩን ማጠብ ይቻል ነበር፤ “መብት አለህ” ማለት ግን ሕግ መተላለፍ ነበር! አዋጁ በ2019 በሌላ ተተክቷል። ዛሬ ደግሞ እንቅፋቱ ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል እየተካሄደ ያለው ውጊያ ባለበት፣ የጎጃም ገበሬ ሳሙናና ፋሻ ይዞ የሚመጣለትን ሰው በሰላም ሊጠብቅ አይችልም።

እኛ በውጭ ያለነውስ?

በየከተማው የትውልድ አካባቢ ማኅበራት አሉን። በዓመት አንድ ጊዜ ተሰብስበን በልተን፣ ጨፍረን፣ ገንዘብ አዋጥተን እንለያያለን። በዚያው ስብሰባ ላይ አንድ ሰዓት ለጤና ብንሰጥስ? የአካባቢያችንን በሽታ ያጠኑ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በአሜሪካና በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ጋብዘን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በወላይትኛ እንዲያስረዱን እንጠይቃቸው። በመካከላችንም ወንድሙ ወይም እናቱ በዝሆኔ ምክንያት ከሰው የተለዩበት ሰው አለ፤ እሱም ይናገር።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ኮንቴይነር ሙሉ አሮጌ ጫማ መላክ መልካም ሐሳብ ይመስላል። ነገር ግን ያበጠ እግር የማይገባበት ጫማ ለፎቶግራፍ ካልሆነ አይጠቅምም። በዚያው ገንዘብ እዚያው አገር ጫማ ሰፊ ይሠልጥን፤ ሳሙናና በረኪና በዓመት አንዴ ሳይሆን በየወሩ ይድረስ። ገንዘብ ስንሰጥም አንድ ጥያቄ እናያይዝ፦ “ያጠናችሁትን ለሕዝቡ መቼና በማን አፍ ነገራችሁት?”

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። ብሂሉ የተነገረው ለሕመምተኛው ነበር። ዛሬ ግን ሕመምተኛው እግሩን ማሳየት ጀምሯል፤ መደበቅ መተው የሚቀረው ጥናቱን በመሳቢያ ለሚያስቀምጠው ተመራማሪ፣ ስሙን ለሚቀይረው ባለ ሥልጣንና ሰምቶ ዝም ለምንለው ለእኛ ነው።

ቸር ይግጠመን።