የተጣለ ሽቦ በአሮጌ መጋዘን

ወላይታ ሶዶ ከተማ ወደ አንድ የሞባይል ጥገና ሱቅ ጎራ ቢሉ ጠረጴዛው ላይ የተፈታ ቦርድ፣ የተበጠሰ ቻርጀር፣ የተቆራረጠ ሽቦ አያጡም። ለብዙዎቻችን ቆሻሻ የሆነው ይህ ዕቃ ለሠዓሊው ኤልያስ ስሜ የቅርጻ ቅርጽ ጥሬ ዕቃ ነው።

ኤልያስ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወለደ፤ በ1990 ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቀ። የሚሠራበትን ዕቃ በአብዛኛው የሚያገኘው ከመርካቶ ሲሆን፣ በተለይም አሮጌ ነገር ሁሉ ተለቅሞ ከሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ነው። ባለ ቀለሙን ሽቦ ይጎነጉናል፤ የኪቦርድ ቁልፎችንና የኮምፒውተር ቦርዶችን በእንጨት ሰሌዳ ላይ ይደረድራል። ሥራው ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን ቁልቁል የታየ ማሳ ይመስላል። ጠጋ ሲሉ ግን እያንዳንዱ ሽቦ በሰው እጅ ያለፈ መሆኑ ይለያል።

እንዲህ ያለው ሥራ የሚታይበት ቦታ ትልቅ ትርጉም አለው። ኢንስታሌሽን በሚባለው የጥበብ ዘርፍ ግድግዳው፣ ብርሃኑና የተመልካቹ እርምጃ ሁሉ የሥራው አካል ናቸው። ቤቱ የራሱ ታሪክ ካለው ደግሞ ያ ታሪክ ለሥራው ተጨማሪ ትርጉም ይሰጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ2023 በእንግሊዝ ብሪስቶል የተከፈተው «እርጋታ» የተሰኘው የኤልያስ ዐውደ ርእይ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የታየው አርኖልፊኒ በተባለው የጥበብ ማዕከል ነበር። ማዕከሉ ያለበት የወደብ ዳር ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የተሠራ መጋዘን ሲሆን፣ በአንድ ወቅት ከባሕር ማዶ የመጣ ሻይ ይከማችበት ነበር። ኤሌክትሮኒክስም እንደ ሻይ ሁሉ በመርከብ ተጭኖ አገር አቋርጦ የሚሸጥ ሸቀጥ ነው። አገልግሎቱን ጨርሶ መርካቶ ወድቆ የነበረው ዕቃ በአንድ ኢትዮጵያዊ እጅ ጥበብ ሆኖ ከንግድ መጋዘን ሲገባ፣ ዓለም ምን እንደሚገዛና ምን እንደሚጥል ሕንፃውና ሥራው አብረው ይናገራሉ። ያው ሥራ በአዲስ ነጭ አዳራሽ ቢሰቀል ውበቱ አይቀንስም፤ ይህ ትርጉም ግን ይጎድለዋል።

ኤልያስ ለቦታ የሚሰጠው ክብር በአገር ቤትም ይታያል። ከዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋመውና እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ አበባ መካኒሳ የተከፈተው ዞማ ሙዚየም የታነጸው አባቶች ቤት ሲሠሩበት በኖሩት ጭቃና ጭድ ነው። የግድግዳዎቹ ቅርጽ ራሱ የቅርጻ ቅርጽ ሥራ ነው።

ኢንስታሌሽን ለመረዳት የጥበብ ትምህርት ቤት መግባት ግዴታ አይደለም። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ዕቃው ከየት መጣ? ይህ ቤት ቀድሞ ምን ነበር? ሁለቱ እዚህ ለምን ተገናኙ? የሶዶ ወጣት ሠዓሊያንም ዘመናዊ አዳራሽ እስኪሠራላቸው መጠበቅ የለባቸውም። በከተማቸው ካለ አሮጌ ቤትና ከጥገና ሱቁ ትራፊ መጀመር ይችላሉ፤ የቤት ባለቤቶችና የባህል ተቋማትም በራቸውን ሊከፍቱላቸው ይገባል።