ሙሉ የሚመስለው 12.6

የሞተር ሳይክል ሊቲየም ባትሪ ስሙ የጠፋው ያለ ጥፋቱ ነው። ገዝተው የተጠቀሙበት ሰዎች ሲያሙት የሚሉት ተመሳሳይ ነው፤ ውድ ነው፣ ትናንት እንደ ጉድ ሲያስነሳ የነበረው ዛሬ ድምፁ የለም፣ ቻርጅ ቤት ቢወስዱትም አልተመለሰም። ወቀሳው ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ያለ ዕድሜያቸው የሞቱ ባትሪዎች በእርግጥ አሉ። አሟሟታቸው ሲመረመር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ምክንያት ከአሲድ ባትሪ የተወረሰ ልማድ ነው። ባለቤቱ ባትሪውን ቀየረ፣ አያያዙን ግን አልቀየረም። ከተወረሱት ልማዶች ሁሉ ብዙ ጉዳት ያደረሰው ደግሞ መካኒኩም ባለ ሞተሩም በቃሉ የያዘው አንድ ቁጥር ነው፤ 12.6 ቮልት።

ባትሪው ምን እንደሆነ በአጭሩ እንለፈው። ለሞተር ማስነሻ የሚያገለግለው የሊቲየም ዓይነት በአብዛኛው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ነው። አንዱ ሴል 3.2 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ አራቱ በተከታታይ ተያይዘው 12.8 ይሆናሉ። ይህ ውህድ ለባትሪ እንደሚሆን ያሳየው በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጆን ጉድኢናፍ የሚመሩት ቡድን ሲሆን ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ጉድኢናፍ ለሊቲየም ባትሪ ባበረከቱት ሥራ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ተጋርተዋል። ክብደቱ ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠራ የአሲድ ባትሪ ሲሶ ወይም ሩብ ያህል ነው። ውሃ አይጨመርበትም፣ አሲድ አያፈስም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የአሲድ ባትሪ የለመደ ሰው መልቲሜትሩን ሲያስነካ የሚፈልገው 12.6 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ካገኘው ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው፤ 12 ከሆነ ቻርጅ ይፈልጋል። ይህ ለአሲድ ባትሪ ትክክለኛ ንባብ ነው፣ ምክንያትም አለው። በአሲድ ባትሪ ውስጥ ኃይል ሲወጣ ሰልፈሪክ አሲዱ ራሱ ከእርሳሱ ጋር እየተዋሐደ ይቀንሳል፣ በምትኩ ውሃ ይበዛል፤ ፈሳሹ በቀጠነ ቁጥር ቮልቱም ይወርዳል። ቮልቱን ማንበብ የአሲዱን ጥንካሬ ማንበብ ነው ማለት ነው። በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ግን ሊቲየሙ ከግራፋይቱ ወገን ወጥቶ ወደ አይረን ፎስፌቱ ወገን ይሻገራል እንጂ በመሃል ያለው ፈሳሽ አይበላም። አይረን ፎስፌቱም ሊቲየሙን የሚቀበለው በተለየ መንገድ ነው፤ የሞላው ክፍልና ያልሞላው ክፍል ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ አንዱ እየሰፋ ሌላው እየጠበበ ይሄዳል። ሁለቱ አብረው እስካሉ ድረስ ቮልቱ ከቦታው ብዙም አይነቃነቅም። መውደቅ የሚጀምረው መጨረሻው ሲቃረብ ነው፤ ያኔ ደግሞ እንደ ገደል ነው።

በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባትሪ 13.3 ወይም 13.4 ያሳያል። ግማሹ ሲያልቅ 13.1 አካባቢ ይሆናል። 12.9 ሲደርስ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ቀርቶታል። 12.6 ላይ ከዚያም ያነሰ ነው፤ ገደሉ አፍ ላይ ቆሟል። መካኒኩ «ባትሪህ ሙሉ ነው፣ ችግሩ ሌላ ነው» ብሎ እስታርተሩን ሊፈታ የሚነሳው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው። ባለቤቱም አምኖ ሞተሩን ሳምንት ያቆመዋል፤ ሲመለስ ባትሪው አልቋል፣ ተጠያቂውም ሊቲየም ይሆናል። በሁለቱ ባትሪዎች መካከል ያለው ልዩነት የነጥብ ያህል ስለሚመስል ሰው ይንቀዋል፤ ዕድሜውን የሚወስነው ግን ይህ የነጥብ ልዩነት ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል፤ ባዶ ሊሆን የተቃረበ ከሆነ ጠዋት እንዴት በአንድ ጠቅታ አስነሳ? መልሱ ያው ቮልቱ የማይነቃነቅ መሆኑ ነው። የአሲድ ባትሪ ከመሞቱ በፊት ያቃስታል፤ እስታርተሩ ይንቀራፈፋል፣ መብራቱ ይደክማል፣ ባለቤቱም ነገሩ ይገባዋል። ሊቲየም እስከ መጨረሻው ድረስ በሙሉ ጉልበቱ ያዞራል። ጥሩ ማስነሳቱ ጤንነቱን እንጂ የቀረውን መጠን አይናገርም። ሌላው ጥያቄ በዳሽቦርዱ ላይ ስለሚታየው ቮልት ነው፤ «ሲሄድ 14 ያሳያል» ይባላል። ሞተሩ እየሠራ ሳለ የሚታየው የጄኔሬተሩ ቮልት ነው፤ ስለ ባትሪው ምንም አይናገርም። ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ በ80 በመቶና በ40 በመቶ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቮልት አስረኛ ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ርካሽ መልቲሜትር ደግሞ ያንኑ ያህል ሊሳሳት ይችላል፣ ታዲያ መለካቱ ምን ይጠቅማል? እውነት ነው፤ መሃሉን በቮልት መለየት አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን የሚያስፈልገን መሃሉን ማወቅ ሳይሆን ከገደሉ መራቅ ነው። ያረፈ ባትሪ ከ13.1 በታች ካሳየ ቻርጅ ማድረግ፣ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ቶሎ ቶሎ ቻርጅ ማድረግ ሊቲየምን አይጎዳውም።

ሁለተኛው አሳሳች ቁጥር በባትሪው ጎን ላይ የተጻፈው ነው። ብዙ አምራቾች ትልቅ አድርገው የሚጽፉት ባትሪው የሚተካውን የአሲድ ባትሪ መጠን ነው። «12 አምፒር አወር» የተባለው ባትሪ በውስጡ የያዘው 4 ብቻ ሊሆን ይችላል። ለማስነሳት ይህ ማታለል አይደለም፤ ሊቲየም ከትንሽ መጠን ብዙ ጉልበት በቅጽበት መስጠት ስለሚችል እስታርተሩን እንደ ትልቁ አሲድ ባትሪ ያዞረዋል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ በዝግታ ለሚጠጣው ዕቃ ግን ቁም ነገሩ እውነተኛው መጠን ነው። ሌባ በመፍራት በሞተር ላይ ጂፒኤስ ወይም አላርም ማስገጠም በከተሞቻችን የተለመደ ነው። መሣሪያው 10 ሚሊአምፒር ብቻ ቢጠጣ በቀን 0.24 አምፒር አወር ይሆናል። ባለቤቱ 12ን አምኖ ሲያሰላ 50 ቀን ይቆያል፤ በውስጡ ያለው 4 ግን በ17 ቀን ውስጥ ያልቃል፣ ያውም ሙሉ ሆኖ ከጀመረ። ሞተሩን አቁሞ ክፍለ ሀገር የሚሄድ ሰው ኔጌቲቩን ነቅሎ መሄድ አለበት። በአንድ ቁልፍ የሚፈታ ብሎን ነው፤ ይህን መስነፍ ይቅር የሚባል አይደለም።

ማለቁ ለምን ያን ያህል ይከፋል? የአሲድ ባትሪም ባዶ ሆኖ ሲቆይ ይጎዳል፤ ሰልፌት ይጋገርበታል። የሊቲየሙ ጉዳት ግን ዓይነቱ ሌላ ነው። የሴሉ ቮልት ከ2 በታች እየወረደ ሲሄድ ግራፋይቱን የተሸከመው ስስ የመዳብ ወረቀት መሟሟት ይጀምራል። እንደገና ቻርጅ ሲደረግ የሟሟው መዳብ ያልሆነ ቦታ ይቀመጥና ውስጥ ለውስጥ ሾርት የሚያደርግ ክር ሊሠራ ይችላል። በዚህ መንገድ የሞተን ባትሪ በጉልበት ማስነሳት አደጋ አለው። «መከላከያ ሰርኪውት አለው አይደል ወይ?» ለሚለው፣ ያላቸው አሉ፤ ቮልቱ ሲወርድ ራሱን ይቆርጣል፣ መልቲሜትሩም ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ያሳያል። ይህ የዳነ ባትሪ ነው፤ ለሊቲየም የተሠራ ቻርጀር ቀስ ብሎ በትንሽ ከረንት ሊቀሰቅሰው ይችላል። ብዙ አነስተኛ የማስነሻ ባትሪዎች ግን የሴሎቹን ቮልት ከማመጣጠን በቀር ሌላ መከላከያ የላቸውም። ሲገዙ መጠየቅ ያለበት ከቀለሙ በፊት ይህ ነው።

ቻርጀርን በተመለከተ ደጋግሞ የሚሰማው ክርክር «የድሮው ቻርጀሬ ይሠራለታል» የሚል ነው። በከፊል እውነት ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ሙሉ የሚሆነው በ14.4 እስከ 14.6 ቮልት ነው፤ ከዚህ የማያልፍ ቀላል ቻርጀር ባትሪውን ይሞላዋል። ችግሩ ዘመናዊ የሚባሉት የአሲድ ባትሪ ቻርጀሮች ላይ ነው። ብዙዎቹ ባትሪ ደክሟል ብለው ሲገምቱ የተጋገረውን ሰልፌት ለማራገፍ ከ15 ቮልት በላይ የሚዘል ምት ይልካሉ። ሊቲየም ሰልፌት የለውም፤ ምቱ የሚያገኘው ሴሎቹንና መከላከያ ሰርኪውቱን ነው። ባትሪው ትንሽ ወርዶ ከተገኘ ቻርጀሩ «የታመመ አሲድ ባትሪ» ብሎ ይህን ሥራ ሳይጠየቅ ሊጀምር ይችላል። ቻርጅ ቤት ያለው ቮልቱን ራሱ የማይገድብ ትልቅ ቻርጀርም ከዚህ አይሻልም፤ ሊቲየሙን ከሌሎች አሲድ ባትሪዎች ጋር ደርድሮ ማሳደር ልትገድለው ስትፈልግ የምታደርገው ነው። ከረንቱም ልክ አለው፤ በውስጡ 4 አምፒር አወር ያለውን ባትሪ በ2 አምፒር ቻርጅ ማድረግ ከበቂ በላይ ነው።

እሳት የሚፈሩ ሰዎች ፍርሃታቸው መሠረት አለው፤ ስልክና ስኩተር ሲቃጠል ይታያል። በአይረን ፎስፌት ውስጥ ግን ኦክስጅኑ ከፎስፈረስ ጋር ጠንክሮ ስለተሳሰረ፣ ብዙ ስልኮች ላይ ካለው በኮባልት ከተሠራው ሊቲየም ይልቅ ሙቀትን በጣም ይታገሳል። አይቃጠልም ማለት አይደለም። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ቻርጅ ሲደረግ የሚግል ባትሪ ከሞተሩ ወጥቶ ውጭ መቀመጥ አለበት፤ ለማየት መክፈት አያስፈልግም።

ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ የአሲድ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መቀመጥ ይፈልጋል፤ ሊቲየም ከግማሽ በላይ ሆኖ ከተነቀለ ለወራት ይቆያል። አየሩን በተመለከተ አዲስ አበባ ላይ ከብርድ የሚመጣ ስጋት የለም። ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም ያለ ወገናችን ግን ሞተሩን ክረምቱን ጋራዥ ሲያቆም አንድ ነገር ይወቅ፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ ወደ ግራፋይቱ መግባት ስለሚያቅተው በላዩ ላይ እንደ ብረት ይለበጣል፣ ይህም አይመለስም። ባትሪውን ቤት አስገብቶ ካሞቁ በኋላ ቻርጅ ማድረግ ነው። በብርድ ማለዳ ለማስነሳት ደግሞ የፊት መብራቱን አንድ ሁለት ደቂቃ አብርቶ መጠበቅ ይረዳል፤ የሚወጣው ከረንት ባትሪውን ከውስጥ ያሞቀዋል፣ ሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው የበረታ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሰመራና ድሬዳዋ ላይ ጠላቱ ሙቀት ነው፤ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ፀሐይ ላይ መዋሉ ዕድሜውን ያሳጥረዋል፣ ጥላ መፈለግ ነው።

የቀረው የጄኔሬተሩን ቮልት የሚገድበው ሬጉሌተር ነው፤ ባትሪውን ከመግዛት በፊት መታየት ያለበትም እሱ ነው። አሲድ ባትሪ ሬጉሌተር ሲበላሽ ውሃውን አፍልቶ እያተነነ ለጊዜው ይችለዋል፤ ሊቲየም የሚያተነው ውሃ የለውም። ስለዚህ አሮጌው ባትሪ ሳይወጣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ነዳጅ እየሰጡ ወደ 5,000 ዙር አድርሶ ባትሪው ጫፍ ላይ መለካት ነው። ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ ካረፈ ሊቲየሙ ሊገጠም ይችላል። 15 ካለፈ መጀመሪያ ሬጉሌተሩ ይቀየር። ከ13.5 በታች ከሆነም ከጄኔሬተሩ የሚመጡት ገመዶች የሚገናኙበት ሶኬት ተቃጥሎ እንደሆነ ይታይ፤ በዚያ ቮልት ከተማ ውስጥ አጭር አጭር መንገድ ከመብራት ጋር የሚሄድ ሞተር ባትሪውን በየቀኑ በጥቂቱ ያጎድለዋል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም መልቲሜትሩ ላይ 12.6 ይታያል።