ማን አየኝ? ማንስ ሰማኝ?

በገጸ ባሕርይ ጨዋታ ላይ አንድ ተጫዋች «ተደብቄያለሁ» ሲል ጠረጴዛውን የከበቡት ሁሉ ይሰሙታል። የጨዋታው መሪም ይሰማል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ዘበኛውን ሆኖ የሚጫወተው ይኸው መሪ ነውና። ሌባው ከዓምዱ ጀርባ መሸጎጡን እያወቀ፣ ዘበኛውን ግን ምንም እንደማያውቅ አድርጎ ማጫወት ይጠበቅበታል። በልጆች ድብብቆሽ ፈላጊው ዓይኑን ይጨፍናል፤ እዚህ ዓይን የሚጨፍነው የሕግ መጽሐፍ ነው። ይህን ሕግ አስተካክሎ ለመጻፍ የተደረገው ሙከራ ሃምሳ ዓመት ያህል ሆኖታል።

ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለው የገጸ ባሕርይ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ታተመ። የፈጠሩት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ሲሆኑ፣ ያሳተመው ቲ.ኤስ.አር. የተባለው ድርጅት መቀመጫ በዊስኮንሲን ግዛት የምትገኘው ሌክ ጄኒቫ ከተማ ነበረች። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንዱ ጦረኛ፣ ሌላው አስማተኛ ይሆናል። «ደንጀን ማስተር» የሚባለው መሪ ዓለሙን ይተርካል፤ በዚያ ዓለም ያሉ ዘበኞችን፣ ጭራቆችንና ባለሱቆችን ሁሉ እሱ ይሆናል። ነገሩ ይሳካ አይሳካ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል።

በመጀመሪያው እትም ሌባ የሚባል ገጸ ባሕርይ አልነበረም። ሌባው የመጣው በ1975 «ግሬይሆክ» በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ሲሆን፣ ጥላ ውስጥ መደበቅና ኮቴን ማጥፋት በመቶኛ የሚለኩ ሙያዎች ሆኑ። በ1978ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ጀማሪ ሌባ ጥላ ውስጥ የመደበቅ ዕድሉ 10 በመቶ፣ ኮቴውን የማጥፋት ዕድሉ 15 በመቶ ነበር። ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንዲሳኩለት ከፈለገ ዕድሉ ወደ 1.5 በመቶ ይወርዳል። ይኸው ሌባ ግድግዳ ለመውጣት ግን 85 በመቶ ዕድል ነበረው፤ ጣሪያ ላይ መድረስ ቀላል፣ ሳይታዩ መድረስ ግን ጭንቅ ነው።

ቁጥሩ ሌላ ጣጣም አመጣ። መደበቅ የሌባ ሙያ ነው ተብሎ ከተጻፈ፣ ጦረኛው ከበርሜል ጀርባ መንበርከክ አይችልም ማለት ነው? ብዙ መሪዎች ነገሩን ለሁለት ከፍለው ፈቱት። ከበርሜል ጀርባ መሸሸግ ለማንም ይፈቀዳል፤ ዳይስ አያስፈልገውም። ሌባው የሚለየው መሸሸጊያ በሌለበት፣ እንዲያው በጥላ ብቻ ተሸፍኖ መቅረት በመቻሉ ነው።

ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ቲ.ኤስ.አር.ን ከገዛ በኋላ በ2000 ያወጣው ሦስተኛው እትም መቶኛውን ጥሎ ፉክክርን አመጣ። የሚደበቀው ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጥላል፤ የሚፈልገውም ይጥላል፤ ችሎታቸው ተደምሮ የበለጠው ያሸንፋል። አሠራሩ ፍትሐዊ ነበር፤ ግን ሥራ ያበዛል። መደበቅና በጸጥታ መሄድ ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ነበሩ፤ ማየትና መስማትም እንዲሁ። አምስት ዘበኞች ባሉበት ግቢ አንድ ሰው ሲያልፍ ጠረጴዛው በዳይስ ይንጫጫል።

በ2008 የወጣው አራተኛው እትም ችሎታዎቹን ወደ ሁለት አጠፋቸው፦ ማድባትና ማስተዋል። ከዚህም ጋር ዳይስ የማይጣልበት የማስተዋል ልክ መጣ፤ ዘበኛው ሆን ብሎ ባይፈልግ እንኳ በአካባቢው ያለውን የሚያስተውልበት ቋሚ ቁጥር ነው። አሠራሩ በ2014ቱ አምስተኛ እትምም ቀጠለ። 10 ላይ የዘበኛው ችሎታ ይደመራል፤ በቃ። በዚያ እትም ተራ ዘበኛ ልኩ 12 ነው። የማድባት ችሎታው 7 የሆነ ሌባ 9 ቢጥል 16 ይሆናል፤ ያልፋል። ከኋላው የሚከተለው ጦረኛ ግን ከራስ እስከ እግሩ የብረት ጥሩር ለብሷል። ሕጉ እንዲህ ያለ ጥሩር ለለበሰ ሁለት ዳይስ አስጥሎ ዝቅተኛውን ይይዝበታል። 14 እና 6 ቢወጣለት የሚቆጠረው 6 ነው፤ ዘበኛውም ብረቱ ሲንቋቋ ይሰማል።

እዚህ ላይ አስማተኛው ይነሣል። የመሰወር ድግምት ከ1974 ጀምሮ በጨዋታው ውስጥ አለ፤ የተሰወረው ሰው ጥቃት ሲሰነዝር ይፈርሳል የሚለው ገደብም የቆየ ነው። በ2014ቱ እትም የሁለተኛ ደረጃ ድግምት ሲሆን፣ አስማተኛው ሐሳቡን ከሰበሰበ እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል። የተሰወረው ሰው ድግምት ቢደግምም ይፈርሳል። በአራተኛ ደረጃ ላይ ያለው ታላቁ መሰወር ጥቃት አያፈርሰውም፤ ዕድሜው ግን አንድ ደቂቃ ብቻ ነው።

ጀማሪ ተጫዋቾች አብዝተው የሚስቱት ነገር እዚህ ላይ ነው። የተሰወረ ሁሉ የተደበቀ ይመስላቸዋል። ሕጉ ግን አለመታየትን ካለመታወቅ ይለያል። የተሰወረው ሰው ይተነፍሳል፣ ጠጠር ይረግጣል፣ ጭቃ ላይ ዱካ ይተዋል፤ ጠላት ባያየውም የት እንዳለ ሊያውቅ ይችላል። ሊመታው ሲሞክር ሁለት ዳይስ ጥሎ ዝቅተኛውን ይይዛል እንጂ መሞከር አይከለከልም። ቦታው እንዳይታወቅ የፈለገ ከተሰወረ በኋላም ማድባት አለበት።

በ2003 የታረመው ሦስተኛ እትም በዚህ ጉዳይ ላይ እንደ ጠበቃ የተራቀቀ ነበር። የተሰወረ ሰው የሚታይ ዕቃ ቢያነሣ ዕቃው መታየቱን ይቀጥላል። ውሃ ውስጥ ቢገባ ገላው የሚገፋው ውሃ ያለበትን ያሳብቃል። ችቦ ይዞ ቢሰወር ችቦው አብሮ ይሰወራል፤ ብርሃኑ ግን አይሰወርም። የማይታይን ዕቃ ዱቄት ነስንሶ መከታተል እንደሚቻል መጽሐፉ ራሱ ይጠቅሳል። ጥቃት የሚባለውንም ለይቶታል። ጠላቶች የገመድ ድልድይ ሲሻገሩ ገመዱን መቁረጥ በቀጥታ የተሰነዘረ ጥቃት ስላልሆነ ድግምቱን አያፈርስም። ከገደሉ በታች የሚሆነው ሌላ ጉዳይ ነው።

እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲቀር ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል። የ2014ቱ መጽሐፍ «የተሰወረ» የሚለውን ሁኔታ በሁለት አንቀጽ ይገልጸዋል። አንደኛው እንደማይታይ ይናገራል። ሁለተኛው ሲመታ የተሻለውን ዳይስ፣ ሲመቱት ደግሞ የከፋውን እንደሚያስይዝ ይደነግጋል። ሁለተኛው አንቀጽ ግን ከመጀመሪያው ጋር በግልጽ አልታሰረም። ስለዚህ ፊደሉን ለሚከተል ሰው፣ የተሰወረውን የሚያሳይ ድግምት የደገመ አስማተኛ ጠላቱን ፊት ለፊት እያየው እንኳ ሲመታው የከፋውን ዳይስ ይይዛል። ብዙ ጠረጴዛዎች ይህን ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉት።

የ2024ቱ መጽሐፍ ቀዳዳውን ደፈነ፤ ሊያይህ በሚችል ላይ ብልጫ የለህም ይላል። በዚያው ግን ደፈር ያለ እርምጃ ወሰደ። ከጠላት እይታ ውጭ ሆኖ፣ በደንብ ተከልሎ ወይም በጨለማ ተውጦ፣ በማድባት 15 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ያለ ድግምትም «የተሰወረ» ይሆናል። ያመጣው ቁጥር ሊያገኘው የሚሻ ፈላጊ ሊደርስበት የሚገባ ልክ ነው። ከሹክሹክታ ከፍ ያለ ድምፅ ካሰማ፣ ካጠቃ፣ በቃል የሚደገም ድግምት ከደገመ ወይም ከተገኘ ሁኔታው ያበቃል። ከዓምዱ ጀርባ ወጥቶ በብርሃን መሐል ቢሄድስ? ዝርዝሩ ይህን አይጠቅስም። ብዙ መሪዎች ዘበኛው ቀና ብሎ ካየው «ተገኝቷል» ብለው ይፈርዳሉ።

ፓዝፋይንደር የተባለው የፓይዞ ኩባንያ ሌላ ጨዋታ በ2019 በወጣው ሁለተኛ እትሙ ይህን ክርክር በአራት እርከን ይበትነዋል። አንድ ሰው ለተመልካቹ በግልጽ የሚታይ፣ ቦታው ታውቆ የማይታይ፣ ቦታውም ያልታወቀ ወይም መኖሩ ጭራሽ ያልተጠረጠረ ሊሆን ይችላል። እርከኑ ለእያንዳንዱ ተመልካች ለየብቻ ይቆጠራል፤ ቀስተኛው ያያትን ሴት ፈረሰኛው ላያያት ይችላል። ሁለተኛው እርከን ላይ ያለን ሰው ለመምታት የሚሞክር በመጀመሪያ ምንም ሳይደምር 11 እና ከዚያ በላይ መጣል አለበት፤ ይህም ግማሽ ለግማሽ ዕድል ነው። ሦስተኛው እርከን ላይ ላለው ደግሞ ካርታው ላይ አንድ ካሬ ይገምታል፣ መሪው ዳይሱን በስውር ይጥላል፤ የሳተው ሰው ጠላቱ እዚያ ስላልነበረ ይሁን ሰይፉ ስለተንሸራተተ አያውቅም። ጠላት እያየው የተሰወረ ሰውም ወዲያው ወደ ሦስተኛው እርከን አይዘልም። ዓይን ባለበት ነውና የጠፋው፣ ቦታው ይታወቃል፤ አድብቶ መራቅ አለበት።

የቡድን ጉዞ ለሁሉም ሕጎች ፈተና ነው። በአምስት ሰው ቡድን ውስጥ የእያንዳንዱ ሰው ሳይሰማ የማለፍ ዕድል 70 በመቶ ነው እንበል። አምስቱም ዳይስ ይጣሉ፣ አንዱ ከወደቀ ሁሉም ይነቃባቸዋል ከተባለ የመላው ቡድን ዕድል 17 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ሌባው ብቻውን ይሄዳል፤ ሌሎቹ አራቱ ሻይ ይጠጣሉ። በአምስተኛው እትም ያለው የቡድን ሙከራ የሚባለው ሕግ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው። ቢያንስ ግማሾቹ ከተሳካላቸው ቡድኑ በሙሉ ያልፋል። በዚያው 70 በመቶ ሲሰላ ዕድሉ ወደ 84 በመቶ ይወጣል፤ ባለጥሩሩ ጦረኛም ሌባው እየመራው አብሮ ይገባል።

ጆን ሃርፐር የጻፈውና በ2017 የታተመው ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ ከዚህ ሁሉ ሒሳብ ይሸሻል። ዶስክቮል በተባለች ጨለማ በወረሳት ከተማ የሚዘርፉ ወሮበሎች ጨዋታ ነው። የዘበኛ ቁጥር የለውም። ባለ ስድስት ገጽ ዳይሶች ይጣላሉ፤ ከፍተኛው 6 ከሆነ ተሳካ፣ 4 ወይም 5 ከሆነ ተሳክቶ ዋጋ ያስከፍላል፣ ከዚያ በታች ከሆነ ነገር ይበላሻል። ስለዚህ «አየኝ ወይስ አላየኝም?» የሚለው ጥያቄ መካከለኛ መልስ አለው፤ ሌባው ገባ፣ ውሻው ግን መጮኽ ጀመረ። በር ላይ ተይዞ የተፋጠጠ ተጫዋች ደግሞ ታሪኩን ወደ ኋላ መልሶ «ይህን ዘበኛ ትናንት ማታ ጉቦ አቅምሼዋለሁ» ማለት ይችላል፤ ዋጋው በጭንቀት ነጥብ ይቆረጥበታል።

መሞከር ለሚፈልግ ቡድን መጀመሪያው ርካሽ ነው። የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ መሠረታዊ ሕግ ከ2023 ወዲህ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነፃ ይገኛል፤ የፓዝፋይንደር ሕግም በነፃ ይነበባል፤ ሁለቱም በእንግሊዝኛ ይገኛሉ። ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ግን መሪውና ተጫዋቾቹ ሦስት ነገር ቢስማሙ ከብዙ ጭቅጭቅ ይድናሉ፤ ዳይሱን በስውር የሚጥለው ማን ነው፣ ከመሸሸጊያው የወጣ ሰው ስንት እርምጃ ይፈቀድለታል፣ ቡድኑ አብሮ ሲያደባስ የሚቆጠረው የማን ውጤት ነው።