የሴት እጅ ስንት ያወጣል?

በባህር ዳር ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ በፈረቃ መለወጫ ሰዓት የቆመ ሰው ብዙ ቆጠራ አያስፈልገውም። የሚወጣውም የሚገባውም በአብዛኛው ወጣት ሴት ነው። በጣና አካባቢ የአበባ እርሻዎች ግሪን ሃውስ ውስጥ ጎንበስ ብላ የምትውለውም ሴት ናት። የውጭ ኢንቨስትመንት ለሴቶች በር ከፈተ የሚባለው ከዚህ ተነሥቶ ነው፤ ሐሰትም አይደለም። ሰዓት ቆጥሮ የሚከፈል ደመወዝ ከቤት ሠራተኝነት፣ ከጉልትና ከዓረብ አገር ደላላ ሌላ አማራጭ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ደመወዙ ነው።

ኢኮኖሚስቱ ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፉ አድልዎ አድሏዊውን ራሱን እንደሚያከስር አስረድቷል። ሴት ናት ብሎ ጎበዟን የሚገፋ አሠሪ ያንኑ ሥራ በውድ ያሠራል፤ ውድድሩ ሲከር የማያዳላው ተፎካካሪ ይበልጠዋል። ስለዚህ ገበያ ሲከፈት አድልዎም ይሳሳል።

ክርክሩ ያምራል፤ የስፌት ፋብሪካ ደጃፍ ሲደርስ ግን ይደናቀፋል። የእኛ አገር ፋብሪካ ከባንግላዴሽ ጋር እየተፎካከረ ገዢው በወሰነው ዋጋ ይሰፋል። ጨርቁና የስፌት መኪናው ከውጭ በዶላር የገቡ ናቸው፤ ሊጨመቅ የሚችለው ደመወዝ ብቻ ነው። በዚህ ቀመር የሴቷ ርካሽነት የንግዱ መሠረት ይሆናል። ኢኮኖሚስቷ ስቴፋኒ ሴጊኖ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ጥናት በኤክስፖርት ባደጉ አገሮች የወንድና የሴት ደመወዝ ልዩነት ሲሰፋ ዕድገቱም አብሮ መፍጠኑን አሳይታለች። ቤከርን ያነበበ ኢንቨስትመንት ቢሮ ሴጊኖንም ቢያነብ ደግ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን አጥንተው መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጻፉ፤ ልብስ ከሚልኩ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። በጊዜው ምንዛሪ 740 ብር ገደማ ነው። የደባል ቤት ኪራይና ሳሙና ተነሥቶለት፣ ከገጠር እናት እህል ካልላከች ወሩ አይሞላም። ያን ጊዜ ፋብሪካውን የምትደጉመው እናት ናት ማለት ነው፤ በየትኛውም የሂሳብ መዝገብ ግን ስሟ የለም።

ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ደርኮን አምስት የኢትዮጵያ ድርጅቶች ላይ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎችን በዕጣ መድበው ተከታትለዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ከተቀጠሩት ሢሶው በመጀመሪያው ወር ለቀቀ፤ በዓመቱ 77 በመቶው አልነበረም። ሥራው በዕጣ የደረሳቸው ካልደረሳቸው የበለጠ ገቢ አላገኙም፤ የጤና ችግር ግን በዛባቸው። አሠሪዎች ይህን «የሥራ ባህል የለም» ይሉታል። እኔ ሠራተኛዋ ሂሳብ ታውቃለች እላለሁ።

ባህር ዳር ለፋብሪካ አዲስ አይደለችም። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቷል። የፋብሪካ ክር ለሸማኔው ድር ሲሆን የሴቶቹ ፈትል በማግ ተወስኖ ቀረ፤ አዲስ ንግድ የማንን እጅ እንደሚያስፈታ አስቀድሞ የሚጠይቅ አልነበረም። ዛሬ ደግሞ ገዢውም ባለሀብቱም ሩቅ ናቸው። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ በባህር ዳር አካባቢ የነበረው የኔዘርላንዱ የአበባ እርሻ ኤስሜራልዳ ፋርምስ በወቅቱ በነበረው ፀረ መንግሥት ተቃውሞ ሲቃጠል ድርጅቱ 10 ሚሊዮን ዩሮ ጠፋብኝ አለ። ታህሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል፣ ስትወጣ የአሜሪካ ገዢዎች ፊታቸውን አዞሩ። ባለሀብቱ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፤ የመስመር ሠራተኛዋ የት ትሂድ?

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለምሳሌ በወር 3,000 ብር የምታገኝ ኦፐሬተር ብናስብ፣ ለአሠሪዋ ከ52 ዶላር ወደ 30 ወረደች። ለላኪው እፎይታ ነው። እሷ የምትገዛው ዘይት ግን በአዲሱ ዶላር ይገባል።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል፤ ወለሉ ግን ዓመታት አልፈውም አልተነጠፈም። ያው አዋጅ የወሊድ ፈቃድን 120 ቀን አድርጓል፤ ደግ ነው። ነገር ግን ሙሉ ክፍያው በአሠሪው ጫንቃ ላይ ነው። ኪሱን የሚያሰላ አሠሪ ያላገባችውን፣ ልጅ ያልያዘችውን ይመርጣል፤ ወጪውን የማኅበራዊ ዋስትና ፈንድ ቢጋራው ይህ ስሌት ይዳከም ነበር።

ቢሮዎች በየዓመቱ «ይህን ያህል ሺህ የሥራ ዕድል ተፈጠረ» ሲሉ ከጎኑ ሁለት ቁጥር ቢጨምሩ እወዳለሁ፦ ወልዳ ተመልሳ ያው ወንበር ላይ የተቀመጠች ስንት ናት? ከስፌት መኪናው ተነሥታ ሱፐርቫይዘር የሆነችስ?